ሦስተኛ ልጅ ፀንሻለሁ፤ ባለቤቴ «አሁን አንችልም» አለኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ልጆች አሉኝ። አሁን ሦስተኛ ፀንሼ ሁለት ወር ሆኖኛል። የቤት ኪራይ ጨምሮብናል፣ የባለቤቴም ሥራ ቀዝቅዟል። «ገና ደም ነው፣ ሕጉም ይፈቅዳል፣ ኪኒን ውጪና ይለቅ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትላለች። ሌላም አለ። ከጋብቻ በፊት አንድ ጊዜ አስወርጄአለሁ። ባለቤቴም የንስሐ አባቴም አያውቁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አታስወርጂው።

«ገና ደም ነው» ለሚለው መልሱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ፍልሰታን ትጾሚያለሽ አይደል? ጾሙ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ ነሐሴ 7፣ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ጽንሰት ታከብራለች። ልደቷ ግንቦት 1 ነው። የጌታም እንዲሁ ነው፤ መጋቢት 29 ተፀነሰ፣ ታኅሣሥ 29 ተወለደ። እስኪወለዱ አልጠበቅንም፤ ከፅንሳቸው ጀምረን እናከብራለን። ሉቃስ ምዕራፍ 1ንም አንብቢው። እመቤታችን ብሥራቱን ሰምታ ፈጥና ወደ ኤልሳቤጥ ስትሄድ ሆዷ እንኳ አልታየም። ኤልሳቤጥ ግን «የጌታዬ እናት» አለቻት። ልትሆን ነው አላለችም። ዮሐንስም በስድስተኛ ወሩ ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ ዘለለ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልንገርሽ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የሚፈቅደው ለተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ እንደ መደፈርና የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ ያሉት። ድህነት እዚያ ውስጥ የለም፤ አንቀጽ 550 ላይ ለቅጣት ማቅለያ ብቻ ነው የተጠቀሰው። እናት ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲገጥማት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። የአንቺ ጉዳይ ግን ያ አይደለም።

ባለቤትሽን ክፉ ሰው አድርገሽ አትዪው። ኪራዩ እውነት ነው፣ ፍርሃቱም እውነት ነው። እኔን የሚያናድደኝ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው (እናትሽን ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው አራስ ቤት ገብተው ገንፎውን ራሳቸው እንደሚያገነፉ አልጠራጠርም)። ዕድል ወተት አይገዛም። አታስወርጂ ብሎ የሚያስተምር ጉባኤ ሕፃኑ ሲመጣ ዞር ሊል አይችልም። በእኛ አጥቢያ አንድ የሕፃን አልጋ አለ። ከቤት ቤት ሲዞር ቀለሙ አልቋል፣ አንዱ እግሩ በሽቦ ታስሯል። ስንት ልጅ እንዳሳደገ ማንም አይቆጥርም። የሰንበቴ ማኅበርሽን አማክሪ። ቁም ነገሩ መለመን አይደለም፤ ማኅበር የሚጠጣው ለእንዲህ ያለው ቀን ጭምር ነው።

አሁን ወደ ደበቅሽው ልምጣ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ማስወረድን እንደ ነፍስ ግድያ ቆጥሮታል፤ ፅንሱ መልክ ይዟል አልያዘም የሚለውን ክርክርም አልተቀበለም። በዕንቆራ (በዛሬዋ አንካራ) የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ ደግሞ ቀድሞ ዕድሜ ልክ የነበረውን ከቁርባን የመከልከል ቅጣት ወደ 10 ዓመት አወረደው። ቁጥሩን አይተሽ አትደንግጪ። አባቶች ያቀለሉት ሴቲቱ ተስፋ ቆርጣ እንዳትቀር ነው። ባስልዮስም መድኃኒቱ የሚለካው በዓመት ብዛት ሳይሆን በንስሐው ዓይነት ነው ብሏል። ቀኖናሽን የሚሰጡሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ የነገርሻቸውም እሳቸው ጋ ይቀራል። ለባለቤትሽ መቼና እንዴት እንደምትነግሪው ከእሳቸው ጋር ምከሪ። ያኔ «አስወርጂው» ያለሽ ሰው ካለም የንስሐው ድርሻ አለው፤ ሸክሙ የሴት ብቻ የሚመስላቸው ተሳስተዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ልጅ የዚያኛው ካሳ አድርገሽ አትውለጂው። ያ በንስሐ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ይህ ሕፃን የማንም ዕዳ ከፋይ አይደለም፤ በራሱ ስም ክርስትና ይነሣል፣ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ።

መጀመሪያ ለብቻሽ ሄደሽ ተናዘዢ። ከዚያ ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ፤ ስለ ኪራዩም፣ ወደፊት ልጅ ስለ ማራራቁም ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የእርግዝና ክትትሉን ግን አታቆዪው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ነገ ጠዋት ሄደሽ ካርድ አውጪ።