መልስ፦ ግሌንፊዲክ 12 (በእንጨት በርሜል 12 ዓመት የቆየው የስኮትላንድ ውስኪ) ያቃጥለኛል እንጂ የተባለው የፒር (ፍራፍሬው) ጣዕም አይሰማኝም ላልከው

በአንዴ ስለምትጨልጠው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምርበትና አምስት ደቂቃ ተወው። ከዚያ አፍህን ትንሽ ከፍተህ አሽትተው፤ አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ ከከተትከው አልኮሉ ብቻ ነው የሚመታህ። ጥቂት ተጎንጭተህ ምላስህ ላይ አቆየው። መጀመሪያ ፒሩ፣ ቀጥሎ እንደ ማር ያለ ጣፋጭ ነገር፣ ስትውጠው ደግሞ የበርሜሉ እንጨት ይመጣል።

ፋብሪካውን ዊሊያም ግራንት ከልጆቹ ጋር ሆኖ ስኮትላንድ፣ ደፍታውን በምትባል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1886 መገንባት ጀመረ። የመጀመሪያው መጠጥ የወረደው በ1887 የገና ዕለት ነው። እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ እኔ ይሄን በጣም ነው የምወድለት። ጠርሙሱ ላይ ያለው አጋዘንም የስሙ ትርጉም ነው፣ የአጋዘን ሸለቆ።

አደራ፣ አዋዜ በልተህ አትቅመሰው። እኔ አንዴ ከጥብስ በኋላ ከፍቼው ከማቃጠሉ በቀር ምንም አልተሰማኝም።