«ይሄማ ድሮም ያለ ነው» ተባልኩ፤ ታዲያ የኔ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ፕሮግራመር ነኝ፣ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደንበኛ ኔትወርክ ሲቆራረጥበት «ክፈል» የሚለውን ሁለቴ ሦስቴ ይጫናል፣ ገንዘቡም ሁለቴ ይቆረጥበታል። እኔ ለእያንዳንዱ ክፍያ ስልኩ ራሱ አንድ መለያ ቁጥር እንዲያወጣ አደረግሁ፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን ቀድሞ ካየው የበፊቱን መልስ ብቻ ይመልሳል። ደስ ብሎኝ «አዲስ ዲዛይን ፓተርን (ለሚደጋገም የፕሮግራም ችግር የሚሆን የመፍትሔ ንድፍ) ፈጠርኩ» ስል አንዱ ባልደረባዬ «ይሄማ ድሮም ያለ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ለመሆኑ ይሄ ፓተርን ነው፣ ያ አይደለም የሚለው ማነው? ታዋቂዎቹ 23 ፓተርኖችስ ትክክል መሆናቸው በምን ታወቀ?

መልስ፦ ባልደረባህ ልክ ነው። ማሳቁ ግን አልተመቸኝም፤ «ድሮም ያለ ነው» መባል ለፓተርን ስድብ ሳይሆን ምስክርነት ነው።

23ቱ የወጡት ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ሰዎቹ ገና ሲጀምሩ እዚህ ውስጥ አዲስ ነገር የለም ብለዋል፤ ያስገቡት በተለያዩ ሲስተሞች ከአንዴ በላይ የተሠራበትን ብቻ ነው። ኦብዘርቨርን (አንድ ነገር ሲለወጥ ለሚከታተሉት ሁሉ እንዲነገራቸው የሚያደርገውን) እንኳ ብትወስድ ስሞልቶክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። እነሱ ከሰው ሥራ ውስጥ ለቅመው ስም አወጡለት። በሙያው ውስጥም ቢያንስ ሦስት ቦታ ያልታየን ነገር ፓተርን አትበለው የሚል ልማድ አለ። እስቲ ያንተን እንቁጠር። ስትራይፕ የሚባለው የክፍያ ኩባንያ ይኸንኑ ያደርጋል፣ አይደምፖተንሲ ኪ ይለዋል። ቲሲፒ (ኢንተርኔት ላይ መልእክት የሚመላለስበት ደንብ) የተደገመ መልእክት ሲመጣበት በተራ ቁጥሩ ለይቶ ይጥለዋል። ባንክም አንዴ በከፈለበት የቼክ ቁጥር ድጋሚ አይከፍልም። ሦስት ሞላ። አንተ ከማንም ሳትቀዳ እዚያው መድረስህ ነው ደስ የሚለው።

ቆጠራ ብቻውን ግን አይበቃም። ኮድ ኮፒ ፔስት ማድረግንም እኮ በየሄድክበት ታገኘዋለህ! ለምን እንደሚሠራ መናገር አለብህ።

ነገሩን የጀመረው ፕሮግራመር ሳይሆን አርክቴክት ነው፣ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር። እሱና ባልደረቦቹ በ1977 ስለ ቤትና ከተማ አሠራር 253 ፓተርኖች አሳተሙ። አንዱ ስለ በረንዳ ነው። በረንዳ ጥልቀቱ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ80 ገደማ ካነሰ ሰው አይቀመጥበትም ይላል። ለምን ቢባል፣ ሰዎች ትንሽ ጠረጴዛ ከበው፣ እግራቸውን ዘርግተው ለመጫወት ቢያንስ ያን ያህል ቦታ ይፈልጋሉ። ሜትር ይዘህ ሄደህ ማየት ትችላለህ፣ ከተሳሳተም ይታወቅበታል። ደግሞ የወደድኩላቸው፣ ከፓተርኑ ስም አጠገብ ኮከብ ያደርጋሉ፤ በጣም ላመኑበት ሁለት፣ ብዙም ላልተማመኑበት አንድ፣ ገና ላልጨበጡት ምንም።

ያንተም እንደ በረንዳው ምክንያት አለው። ቁጥሩን ስልኩ ለምን ያወጣል? ሰርቨሩ ቢያወጣው ኖሮ፣ መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋና ደንበኛው ድጋሚ ሲጫን አዲስ ክፍያ ይመስላል። ፓተርኑ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ኮዱማ በየቋንቋው ይለያያል። የማያስፈልግበትንም ጻፍ፤ ቀሪ ሒሳብ ማየት መቶ ጊዜ ቢደገም ማንንም አይጎዳም።

ማነው የሚወስነው ላልከው፣ ማኅተም የሚመታ ቢሮ የለም። ከ1994 ጀምሮ ፕሎፕ የሚባል የፓተርን ጸሐፊዎች ጉባኤ አለ፤ እዚያ ሌሎቹ ጽሑፍህን እየበለቱ ሲወያዩ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ፣ መልስ መስጠት የለም። (እኔ ብሆን አልችለውም።) ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ አያልቅም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ኖርቪግ በ1996 ከ23ቱ 16ቱ እንደ ሊስፕ ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይቀልላሉ፣ ወይ ጭራሽ አይታዩም ብሎ አሳየ። ጋማ ራሱ በ2009 ሲጠየቅ ከ23ቱ አንዱ የሆነው ሲንግልተን (ከአንድ ዓይነት ነገር አንድ ብቻ እንዲኖር የሚያደርገው) ቢወጣ ይሻላል ብሏል። እና «ትክክል መሆናቸው ተረጋግጧል» አልልህም፤ ብዙው እስካሁን ይዟል፣ አንዳንዱ ለቋል።

ነገ ቢሮ ስትገባ ያን ባልደረባህን «የት ነው ያየኸው?» በለው። አንድ ሁለት ቦታ ከነገረህ ከሦስቱ ሥር ጨምራቸው። ዝም ካለህ ደግሞ ቡናውን እሱ ይጋብዝ።