«ለእኔ ስትል ቁረብ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። የ22 ዓመት ልጅ አለኝ። በሕፃንነቱ ተጠምቆ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አድጎ፣ ከመዘምራን ጋር ሲያገለግል የኖረ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ቅዳሴ መሄድ አቆመ። ስንጠይቀው «እግዚአብሔር አለ ብዬ አላምንም፤ ብዙ አስቤበታለሁ» አለን። አባቱ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን ቃል እየጠቀሰ «ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፣ ወይ ቤቴን ይልቀቅ» ብሏል። እኔ ደግሞ ለሰላም ብዬ «ሌላው ቢቀር ለእኔ ስትል ከእኛ ጋር ቁረብ» ብለው፣ «የማላምንበትን አልቀበልም፤ እናንተንም ማታለል ይሆንብኛል» ብሎ አለቀሰ። ጥፋቱ የእኔ ነውን? ጥምቀቱስ ከንቱ ቀረ ማለት ነው? ከቤት መውጣት አለበት?

መልስ፦ እናታችን፣ ከቁርባኑ ልጀምር። ቢከብድዎትም ልናገረው፤ በዚህ አንድ ነገር ልጅዎ ከእርስዎ ይልቅ ለሥጋ ወደሙ ተጠንቅቋል። ሐዋርያው «ሰው ራሱን ይፈትን» ያለው፣ ሳይገባው የሚቀበል የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ እንዳለበት አስጠንቅቆ ነው። ቁርባን ከመሰጠቱ በፊት በቅዳሴው «አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ አምናለሁ፤ እስከ መጨረሻይቱ እስትንፋስ እታመናለሁ» ሲባል ሰምተዋል። ልጅዎ እዚያ ቆሞ አንዱንም ሳያምን አፉን እንዲከፍት ነው የጠየቁት። እርሱ ግን እምቢ አለ፤ እምቢ ሲልም አለቀሰ። ለእናቱ ደስታ ሲል እንኳ የማይዋሽ ልጅ ማሳደግዎን እባክዎ አይርሱት። እግዚአብሔርን ክዶ ሳለ ሐሰትን መጥላቱን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሂዱና «ያን መጠየቅ አልነበረብኝም» ይበሉት። በቤታችሁ የጠፋው ሰላም ምናልባት ከዚህች ቃል ይጀምር ይሆናል።

አባቱ የጠቀሱት መዝሙር እውነተኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። ዳዊት ከጥቂት መስመር በኋላ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲናገር ሕዝቤን እንደ እንጀራ የሚበሉ ይላቸዋል። ፈራጅ የለም ብለው ድሃውን የሚውጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው በየሳምንቱ ቅዳሴ ሊያስቀድስም ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያስቀድሳል። በጥያቄ ተጨንቆ እንቅልፍ ያጣን ወጣት በዚህ ጥቅስ መምታት መድኃኒቱን ላልታመመው መስጠት ነው።

ሌላም የማልወደው ፍርድ አለ። አንድ ወጣት ማመን ሲያቅተው «ኃጢአት ሊሠራ ፈልጎ ነው» እንላለን። እንዲህ የሆነ የለም አልልም። ሆኖም ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ሌላ ነገር ነው የሚነግሩኝ። አንዱ የታመመ ሰው እንዲድን በጾም በጸሎት ለምኖ ሰውየው ሞተበት፤ ካህኑም «እምነትህ ጎድሎ ነው» አሉት። ሌላዋ በትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ ስለ ፍጥረት ብትጠይቅ «ይህን አትጠይቂ» ተባለች፤ መልሱን ሳይሆን መልስ የለም ማለትን ተማረች። ሌላው ደግሞ በመቅደሱ ደጅ የሚፈጸመውን ግፍ አይቶ ወጣ። በእርግጥ አንዳችም ቁስል ሳይኖርበት፣ አንብቦና አመዛዝኖ ብቻ ወደዚያ የደረሰም አለ። እርሱን «ማን ጎዳህ?» ብለን ስንጠይቀው ይናደዳል፤ እውነት አለው። የልጅዎን ምክንያት እኔ አላውቅም። ከደብዳቤዎ እንደማየው ግን እርስዎም አላወቁትም፤ «ብዙ አስቤበታለሁ» ሲልዎት ምን ምን እንዳሰበ አልጠየቁትም። ይጠይቁት። ሲናገር ለመልስ አይቸኩሉ። የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ነው። የኢዮብ ወዳጆች እግዚአብሔርን ለመከላከል ብዙ ተናገሩ፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው እንጂ ባማረረው በኢዮብ ላይ አይደለም።

ከቤት ይውጣ ወይ ላሉት፦ አይውጣ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ያላመነች ሚስት ከባልዋ ጋር ለመኖር ከተስማማች አይተዋት አለ። የትዳር ጓደኛ በአለማመን ምክንያት የማይባረር ከሆነ የአብራክ ክፋይ እንዴት ይባረራል? በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ይህ ፈተና ደርሶባታል። ልጇ ብርሃንና ጨለማ ሁለት ተቃራኒ ኃይላት ናቸው የሚለውን የማኒን ትምህርት በተከተለ ጊዜ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን እስከ መተው ደርሳ ነበር፤ በኋላ ግን በሕልም ተጽናንታ መልሳ ወደ ማዕዷ አቀረበችው። እርሱ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ሆነ እንጂ አምላክ የለም አላለም፤ የእናቲቱ ጭንቀት ግን የእርስዎው ነው። ወደ አንድ ጳጳስ ሄዳ «ልጄን ተከራክረህ መልስልኝ» ብትለው ጳጳሱ አልፈልግም አላት። እርሱ ራሱ በልጅነቱ በዚያ ትምህርት ያደገ ስለነበር፣ ወጣቱ በዚያን ጊዜ ለመስማት እንዳልተዘጋጀ ያውቃል። «ተይው፤ ብቻ ጸልዪለት፤ እያነበበ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል» አላት። አውግስጢኖስ የተጠመቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ387 ዓ.ም. በሚላኖ ነው። የእርስዎም ልጅ እንዲሁ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ያን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ልጅዎን ማቅረብ ያለብዎት ይመለሳል ብለው ሳይሆን ልጅዎ ስለሆነ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ ያሉትን ሕዝቅኤል መልሶታል፤ «አባት የልጁን ኃጢአት አይሸከምም»። ጥምቀቱም ከንቱ አልቀረም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው ስለማትደገም ነው፤ የካደ ሰው ሲመለስ ዳግመኛ አይጠመቅም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ንብረታቸው ሳይወሰድ፣ የሚያሰጋቸው ሳይኖር ስለ ካዱ ሰዎች ተነጋግረዋል። ምሕረት የማይገባቸው መሆናቸውን ከተናገሩ በኋላ ከልባቸው ንስሐ ለሚገቡት መንገድ ሠሩ፦ ሦስት ዓመት ንባብና ትምህርት ብቻ ከሚሰሙት ጋር፣ ሰባት ዓመት እየሰገዱ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከምእመናን ጋር በጸሎት። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ግን መጨረሻ ያለው መንገድ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ክደው ለሚመለሱ የሚጸለይ የቄደር ጸሎት አለ። ይህን የምነግርዎት እርስዎ እንዲጽናኑ ነው እንጂ ነገ ለልጁ እንዲያነቡለት አይደለም።

በቤታችሁ የጸሎት ሰዓት አይቋረጥ። እርሱ እንዲቆም አያስገድዱት፤ ታናናሾቹ ሲጸልዩ ግን እንዳያፌዝ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ እናንተም በእርሱ አታፊዙ። ለጎረቤትና ለዘመድ ጉዳዩን አታውሩ። የቤተሰብ ስብሰባ ጠርቶ በሽማግሌ ማስመከር በእኔ ግምት ይብሱን ያርቀዋል። ለአባቱ ይህን ጽሑፍ ያሳዩአቸው፤ ከተቆጡም በእኔ ይቆጡ። ልጁ ሊያነጋግረኝ ከወደደ ደስ ይለኛል፤ ብቻ ራሱ ፈልጎ ይምጣ እንጂ እርስዎ ይዘውት አይምጡ።