ግሪዝሊዬን በዋይዚ 250 ልለውጥ?

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኩታበር ነው። ያማሃ ግሪዝሊ 350 ባለ አራት ጎማ ሞተር አለኝ። ከገበሬ ማር እየሰበሰብኩ ደሴ እወስዳለሁ፤ ከኋላው ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን እጭናለሁ። በወር ሁለት ሦስቴ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ያስቸገረኝ ወደ ቀፎዎቹ የሚያወጣው የበቅሎ መንገድ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ግሪዝሊው አያልፍም፣ ታች አቁሜ በእግሬ እወጣለሁ። አሁን አንድ ሰው እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ያማሃ ዋይዚ 250 ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ይዞ «ያለ ጭማሪ እንለዋወጥ» ብሎኛል። ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል፤ ጉልበቱ ልብ ይሰልባል። ቦክሰር ለአራት ዓመት ነድቻለሁ፣ ያማሃ ዲቲም ሞክሬያለሁ። ልለውጥ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፣ ከኩታበር

መልስ

ወንድሜ፣ ዋይዚውን ማር ልታመላልስበት ከሆነ አትለውጥ።

የበቅሎ መንገዱ ነገር እውነትህን ነው። ግሪዝሊው 250 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጎኑ ባዘነበለ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ከወጣ ተገልብጦ ሰው ላይ ይወድቃል። ዋይዚው ከነነዳጁ 105 ኪሎ አይሞላም፤ ቢወድቅም ብቻህን ታነሳዋለህ፣ ፍየል በምታልፍበት ያልፋል። ጭነቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለቱ ጀሪካኖችህ ሲሞሉ 56 ኪሎ ናቸው። የግሪዝሊው የኋላ መጫኛ እስከ 80 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ነው። ዋይዚ የውድድር ሞተር ነው፦ መጫኛ የለው፣ የኋላ ተሳፋሪ መርገጫ የለው፣ መብራት የለው። ወንበሩን የያዘው የኋላ ፍሬም ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ማር ብታስርበት ከብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስለ ዳገቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ስትወርድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ትወርዳለህ፣ መንገዱም ቁልቁል ጠመዝማዛ ነው። ግሪዝሊው ላይ እጅህን ከነዳጁ ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ቱ ስትሮክ እንደዚያ አይይዝም። ከዚህም የከፋው ዘይቱ ነው፤ ዋይዚ ፒስተኑንና ኮሎውን (ፒስተኑ የሚያሽከረክረውን ዘንግ) የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባ ዘይት ብቻ ነው። ማርሽ አስገብተህ፣ ነዳጅ ዘግተህ ቁልቁል ከለቀቅኸው ሞተሩ በኃይል እየተሽከረከረ የሚገባው ቤንዚን ጠብታ ያህል ይሆናል፤ ዘይቱም አብሮ ይቀራል። ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ የኋላ ጎማው በድንገት ይቆለፋል። ኩርባ ላይ ይህ ከደረሰ የሚሆነውን አንተው ታውቀዋለህ። ስለዚህ ቱ ስትሮክ የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ ሰጥቶ ይለቃል፣ ሞተሩ ዘይት እንዲያገኝ። ፍጥነቱን የሚይዘው በፍሬን ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ዲቲን ነድቻለሁ ስላልክ አንድ ነገር ልብ በል። ዲቲ የራሱ የዘይት ጋንና ፓምፕ አለው፤ ቤንዚን ቀድተህ ትሄዳለህ። ዋይዚ ፓምፕ የለውም። ያማሃ ለእሱ ያዘዘው 30 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 167 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። በመርፌ ሲሪንጅ ወይም በመስፈሪያ ለካ፤ በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም። የመኪና ሞተር ዘይት ከገባ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይደፍናል። ጋኑ 8 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ ዘይቱ ሁልጊዜ ከአንተ ጋር መሆን አለበት።

ከፍታውም አለ። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የቀረውም ቢሆን ቦክሰር ለለመደ እጅ ይበዛል። ያም ጉልበት ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ከመካከለኛ ዙር በላይ በአንዴ ይፈነዳል፣ ጠጠር ላይ የኋላውን ጎማ ይወረውራል። ካርቡራቶሩ ለደሴ ከተስተካከለ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋልና ይግላል። ጄቱ (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካው ቀዳዳ) የሚመረጠው ለምትደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ደሴ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ግድ የለም። ካንዴላው የቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው፣ ከነጣ ግን አትንዳው።

አይ፣ ልቤ ከጅሏል ካልክ እንዲህ አድርገህ እየው። ሰውየው ሳያሞቀው ድረስ፤ ሲሊንደሩን በእጅህ ንካ፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ማርሚታውን አስፈታና በእጅ ባትሪ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኑን ተመልከት፤ ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ ነክሶ ያውቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የቦክሰር ሲሊንደር ሲጫር ቶርኖ ቤት ወስደህ ታስፋዋለህ፣ የዋይዚ ግን ውስጡ በኒኬል የተለበጠ አሉሚኒየም ስለሆነ ልባጩ ከተላጠ በተራ ማስፋት አይድንም። ቀጥለህ አስነሳውና ነዳጅ ሰጥተህ ልቀቅ፤ ዙሩ ቶሎ ካልወረደና ከተንጠለጠለ አየር የሚያስገባ ቦታ አለው፣ ብዙውን ጊዜ የኮሎ ጎሚኒው (ዳር ዳሩን የሚያሽገው ጎማ) ነው። ጭሱ የማርሽ ዘይት የሚሸት ከሆነና የማርሽ ዘይቱ ከጎደለ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ጎሚኒ ተቀዷል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ከፍተህ አስነሳው፤ ሳያቋርጥ አረፋ ካወጣ ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ያስተነፍሳል። ኮምፕሬሽን በጌጅ ካስለካህ ደግሞ ደሴ ላይ ቁጥሩ በመመሪያው ካለው በሩብ ያህል ቢያንስ ከከፍታው ነው፤ ሻጩ ግን ከዚያ በላይ ያነሰውንም በከፍታ እንዳያመካኝብህ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር መግጠሙን አንድ በአንድ አንብብ፤ ሰሌዳ ከሌለው አስፋልት አያስወጣህም።

ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ያለ ጭማሪ አትለዋወጥ። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ከ40 እስከ 60 ሰዓት በተነዳ ቁጥር ይለወጣል፤ ደሴ ላይ የቦክሰሩን ያህል በየሱቁ አይገኝም። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) እና ሁለቱን የኮሎ ጎሚኒዎች ሰውየው ጨምሮ ይስጥህ፣ ወይም ዋጋቸውን ይክፈልህ።

ለቀፎው መንገድ የሚሆንህ ሌላ ነው፦ ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያለው፣ ጎማው የዳገት፣ መብራትና መጫኛ ያለው ፎር ስትሮክ። ነዳጅ ብትዘጋም ዘይቱ ከሥር ስላለ ቁልቁለት አያስፈራውም፣ ሞተሩም ይይዝልሃል። ግሪዝሊውን ሳትሸጥ የማሩን ትርፍ አጠራቅመህ ያገለገለ ፈልግ። እስከዚያው ማሩን ከቀፎው እስከ መኪና መንገዱ በአህያ አውርደው፤ ጀሪካኑንም አትሙላው፣ ግማሽ ግማሹን በሁለት ጎን እሰረው።