የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቶርን በነባር መተግበሪያ ውስጥ ማስገባት

ጥያቄ፦ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች አቤቱታቸውን በስልክ የሚልኩበት የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠርተን ማገልገል ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከተጠቃሚዎቻችን መካከል የቤታቸውን ዋይፋይ ባላቸው የሚቆጣጠርባቸው ስላሉ፣ ግንኙነቱ የላኪና የተቀባይን ትስስር በሚሰውረው የቶር ኔትወርክ በኩል እንዲያልፍ ወሰንን። መተግበሪያውን እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ የቶርን የሶክስ ፕሮክሲ (የመተግበሪያውን ግንኙነት ተቀብሎ ወደ ቶር የሚያስተላልፍ አገናኝ) አድራሻ አስገብተን ሞከርነው፤ አቤቱታውም ደረሰ። ይህ ይበቃል ወይስ የቀረን ነገር አለ?
(የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አቤቱታው መድረሱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንድ መተግበሪያ መልእክቱን በቶር በኩል እያደረሰ፣ በዚያው ቅጽበት ምስጢሩን በሌላ በር ሊያወጣ ይችላልና። ቶር መልእክቱን በተደራረበ ምስጠራ ጠቅልሎ በሦስት አስተላላፊ ሰርቨሮች ያሳልፈዋል፤ የመጀመሪያው ላኪዋ ከየት እንደመጣች ቢያውቅም ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም፣ የመጨረሻው ደግሞ መድረሻውን እንጂ መነሻውን አያውቅም። ይሁን እንጂ ቶር የሚያሳልፈው በተለምዶ ቁጥሩ 9050 ወደሆነው የሶክስ ፖርቱ (የመግቢያ በሩ) የላካችሁትን ብቻ ነው፤ ያልላካችሁት ሁሉ እንደ ቀድሞው በግልጽ መንገድ ይወጣል።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የዲኤንኤስን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ ማለትም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚለውጠውን አገልግሎት) ጥያቄ መርምሩ። መተግበሪያው የሰርቨራችሁን ስም ራሱ ወደ አይፒ አድራሻ ለውጦ አድራሻውን ብቻ ለቶር የሚሰጥ ከሆነ፣ ያ የስም ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሳይመሰጠር በቤቱ ራውተር በኩል ያልፋል፤ ባልየው የአቤቱታውን ይዘት ባያይም፣ ሚስቱ ከማን ጋር እንደተገናኘች ከስሙ ብቻ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ስሙ እንዳለ ለፕሮክሲው መሰጠት አለበት። ከርል በተባለው የትእዛዝ መስመር የመላኪያ መሣሪያ ይህ የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፦ ሶክስ5 ስሙን እዚያው መሣሪያው ላይ ይፈታል፣ ሶክስ5ኤች ግን ለቶር ይተወዋል። በቶር ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሴፍሶክስ የተባለውን አማራጭ 1 ብታደርጉት፣ ቶር በስም ፈንታ አይፒ አድራሻ ይዞ የመጣን ጥያቄ አይቀበልም፤ በእኔ እምነት ይህ ለሙከራ ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታው በርቶ መቆየት ያለበት አማራጭ ነው።

ሰርቨሩ የራሳችሁ ስለሆነ ከዚህም የተሻለ መንገድ አላችሁ፤ ለሰርቨሩ 56 ፊደልና አኃዝ ያለው የኦኒየን አድራሻ አውጡለት። እንዲህ ያለው አድራሻ ከቶር ውጭ ስለማይደረስበት፣ በስህተት በቀጥታ ለመውጣት የሞከረ የኮድ ክፍል እናንተ ሳታውቁ አቤቱታውን በግልጽ መንገድ ከማድረስ ይልቅ ወዲያው ይከሽፋል፣ እናንተም ጉድለቱን ታያላችሁ። ስሙ ለተራው ዲኤንኤስ እንዳይቀርብ ግን አሁንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚያሳስበኝ እናንተ ያልጻፋችሁት ኮድ ነው። የብልሽት ሪፖርት የሚልኩ፣ ማሳወቂያ የሚያመጡና አጠቃቀምን የሚቆጥሩ ላይብረሪዎች የየራሳቸውን ግንኙነት ይከፍታሉ፤ በመተግበሪያው ውስጥ የሚከፈት ድረ ገጽም እናንተ ያስገባችሁትን ፕሮክሲ ላያከብር ይችላል። የማያስፈልገውን ብታወጡት ይሻላል። ከሁለቱ የመረጃ መላኪያ ስልቶች ቶር ቲሲፒን እንጂ የድምፅ ጥሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙበትን ዩዲፒን ስለማያሳልፍ፣ የድምፅ ጥሪ ካላችሁ እሱም በዚህ መንገድ አይሄድም።

ቶር ሳይነሣ ሲቀር መተግበሪያው በቀጥታ እንዲልክ የሚያደርግ መስመር በኮዱ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። አቤቱታው ተመስጥሮ ስልኩ ላይ ይጠብቅ፣ ተጠቃሚዋም ገና እንዳልተላከ በግልጽ ይነገራት። የመጀመሪያው ግንኙነት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ለተራ ኔትወርክ የተወሰነውን የመጠበቂያ ጊዜም ማራዘም ግድ ነው።

በአገራችን የቶር ግንኙነት ራሱ ሊታገድ እንደሚችል አትዘንጉ። የቶር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ የኔትወርክ ፍሰትን በጥልቀት በሚመረምር መሣሪያ ቶር ተለይቶ መዘጋቱን አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ኦብፍስ4 ወይም ስኖውፍሌክ የተባሉትን መሻገሪያዎች (የቶርን ፍሰት ሌላ አስመስለው እገዳን የሚያልፉ መንገዶች) ከመጀመሪያው አካትቱ፤ እነዚህ ቶርን መጠቀሟን ከዋይፋዩ ተቆጣጣሪ ለመሸሸግም ይረዳሉ።

ቶር ሊፈታው የማይችለውም አለ። አቤት ባይዋ በስልክ ቁጥሯ የምትመዘገብ ከሆነ ወይም መተግበሪያው የስልኩን መለያ የሚልክ ከሆነ፣ መንገዱ ቢሰወርም ማንነቷ ሰርቨራችሁ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ባልየው ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ የሚያይ ከሆነ ደግሞ የመተግበሪያው ስምና ምልክት ከማንኛውም ኔትወርክ ይልቅ ያጋልጣታል፤ ይህን ከተጠቃሚዎቹ ጋር ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ተቀምጣችሁ ተመካከሩበት።

ከማሰራጨታችሁ በፊት አንድ የሙከራ ስልክ በራሳችሁ ራውተር ላይ አገናኙ፣ ፍሰቱንም ዋየርሻርክ በተባለው የኔትወርክ ፍሰት መመርመሪያ ፕሮግራም መዝግቡ። መተግበሪያውን ክፈቱ፣ አቤቱታ ላኩ፣ በመሃል ቶርን አቋርጡት፣ መተግበሪያው በስህተት እንዲዘጋም አድርጉት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመተግበሪያው የወጣው ፍሰት ከቶር መግቢያ ሰርቨር ወይም ከመሻገሪያው ሌላ የትም የሄደ ከሆነ፣ ያን ግንኙነት የከፈተውን ኮድ እስክታገኙትና እስክታስተካክሉት ድረስ መተግበሪያውን አታሰራጩት።