የድርጅት ዌብሜይል ለብቻው የቆመ የፊት ሰርቨር ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ገላን በሚገኝ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ነው። የኢሜይል ሰርቨራችን ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2016 ሲሆን የተቀመጠውም እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ መርካቶ ያለው የሽያጭ ቢሯችን ግን ዌብሜይሉን (በድረ ገጽ የሚከፈተውን ኢሜይል) የሚከፍተው በኢንተርኔት በኩል ነው። ኃላፊዬ ከውጭ የሚመጣውን የሚቀበሉ ሁለት የፊት ሰርቨሮች ለብቻቸው እንዲቆሙ ይፈልጋሉ። ተገቢ ነው? ከሆነስ የት ይቀመጡ?

መልስ፦ የኃላፊዎ ሐሳብ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በኤክስቼንጅ 2000 እና 2003 አንዱን ሰርቨር የመልእክት ሳጥን ሳይይዝ የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኋላው ሰርቨር እንዲያሳልፍ መመደብ ይቻል ነበር። ከኤክስቼንጅ 2016 ጀምሮ ግን ይህ ሥራ ከመልእክት ሳጥኑ ሰርቨር ጋር ስለተዋሐደ፣ ለብቻው የሚጫን የኤክስቼንጅ የፊት ሰርቨር የለም። ቦታውን የሚሸፍንልዎ እንደ ኤንጂንኤክስ ወይም ኤችኤፕሮክሲ ያለ ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሰርቨር የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው።

አቀማመጡን በጥንቃቄ ያስቡበት። ብዙዎች የቀድሞውን የፊት ሰርቨር በሁለት ፋየርዎሎች (የኔትወርክ ማጣሪያ በሮች) መካከል ያስቀምጡት ነበር፤ ሰርቨሩ ግን የዶሜይኑ (በጋራ የሚተዳደሩት የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ስብስብ) አባል መሆን ስለነበረበት፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ ከሆነው ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር እንዲነጋገር ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) 53፣ 88፣ 389፣ 3268 እና ሌሎችም ወደ ውስጥ ይከፈቱለት ነበር። ይህ የበሩን ዘበኛ የጓዳውን ቁልፍ ሁሉ እንደማስያዝ ነው፤ እሱን ያሸነፈ ሰው ቤቱን በሙሉ ያገኛል። ፕሮክሲውንም በሁለት ፋየርዎሎች መካከል ያስቀምጡት፤ የዶሜይን አባል ግን አይሁን። ከኢንተርኔት ወደ እሱ ፖርት 443፣ ከእሱም ወደ ኢሜይል ሰርቨሩ ብቻ ያው ፖርት 443 ይከፈት፤ ሌላው ሁሉ ይዘጋ።

ፕሮክሲው የመጣውን ሁሉ እንዲያሳልፍም አይተዉት። ለዌብሜይሉ ኦደብሊውኤ፣ ለስልኮች አክቲቭሲንክ የተባለውን የአድራሻ መንገድ ይፍቀዱ፤ የአስተዳዳሪዎች መግቢያ የሆነውን ኢሲፒን ግን ከውጭ ይዝጉት። አንዳንድ የግል ማስተካከያዎች ከውጭ ሆነው ላይሠሩ ይችላሉ፤ ጥቅሙ ግን ከዚህ ጉድለት እጅግ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ያልታደሰ ሰርቨርን አያድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ይፋ በሆነው ፕሮክሲሎጎን በተባለው ቀዳዳ፣ አጥቂዎች የይለፍ ቃል ሳይኖራቸው የገቡት በዚሁ በፖርት 443 በኩል ነበር። ለኤክስቼንጅ 2016 የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተተኪው ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን የተባለው ነው፤ በ2016 ላይ በቀጥታ ስለማይጫን አዲስ ሰርቨር ተዘጋጅቶ የመልእክት ሳጥኖቹ ወደዚያ መዛወር አለባቸው።

ስለዚህ ሁለተኛውን የፊት ሰርቨር ለጊዜው እንዲያዘገዩት አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመርና በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ ከቆሙ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ከኋላ ያለው የኢሜይል ሰርቨር አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ ሥራ ሲያቋርጥ ሁለቱም የሚያሳልፉበት ቦታ የላቸውም። ለፕሮክሲው አንድ መጠነኛ ማሽን ይበቃል። የተረፈውን በጀት ለአዲሱ የኢሜይል ሰርቨርና ለመጠባበቂያ ቅጂው እንዲያውሉት ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያቅርቡ።