የጠጣሁት ውሃ በየት በኩል ኩላሊት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የግንባታ ሠራተኛ ነኝ። በአቅራቢያችን መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳልጠጣ ሲሚንቶ ተሸክሜ እውላለሁ። ማታ ሽንቴ ጠላ ይመስላል። ጓደኛዬ «ውሃ ከጨጓራ በቀጥታ ወደ ኩላሊት ይወርዳል፤ ካልጠጣህ ኩላሊትህ ያርፋል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጨጓራ ወደ ኩላሊት የሚወስድ ቧንቧ የለም። ውሃው 6 ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ያልፋል፤ አብዛኛው እዚያ ተመጥጦ ከደም ጋር ይቀላቀላል። የተረፈውን ትልቁ አንጀት ይመጥጠዋል። ኩላሊት የሚቀበለው ደሙን ነው።

«ያርፋል» የሚለው ግን አሳስቦኛል። ኩላሊቶችህ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ መሙላት ማለት ነው! ከዚህ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉን ለደም ይመልሳሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ሳትጠጣ ስትውል አንጎል በሆርሞን አማካኝነት «ውሃ ቆጥቡ» ብሎ ያዛቸዋል። ያን ጊዜ ቆሻሻውን በጥቂት ውሃ ብቻ ያስወጣሉ፤ የሽንትህ መጥቆር ከዚያ ነው። ሲደጋገም ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። በነርስነት ሥራዬ ጠጠር ይዟቸው እንደ ሕፃን የሚያለቅሱ ጠንካራ ወንዶች አይቻለሁ።

ከነገ ጀምሮ ውሃህን በኮዳ ይዘህ ውጣ፤ ቶሎ ቶሎ ተጎንጭ። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ከባልደረቦችህ ጋር ሆናችሁ ለአሠሪያችሁ ንገሩ። በደንብ ጠጥተህም ሽንትህ ካልጠራ፣ ወይም ደም ካየህበት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ።